ጠበል የገባበት አሲድ

ጡረታ ወጣሁ ብል የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቅብኛል። ሱቁ የራሴ፣ አለቃውም እኔ፤ ታዲያ ማን ጡረታ ያወጣኛል? ያወጣችኝ ልጄ ውባለም ናት። አንድ ጠዋት ሞጣ ወዳለው ሱቄ ስገባ የላስቲክ ሽርጤን ለብሳ አገኘኋት። እንደ ቀልድ “አውልቂና አምጪ” አልኳት። “አይሆንህም አባዬ” አለችኝ። አየት ባደርገው በእሷ ቁመት ልክ ተቆርጧል።

“ሽርጤን ቆረጥሽው?”

“ሐኪሙ ስለ ሳልህ ያለውን አብረን ሰማን አይደል? አሲድ ጋ ድርሽ አትልም። በረንዳው ያንተ ነው፤ ወንበር አውጥቼልሃለሁ።”

እነሆ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። መቀመጥ እንዲህ አድካሚ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለሚያልፈው ሁሉ ሳወራ፣ ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ ሳልጠየቅ ምክር ስሰጥ ከርሜ፣ ውባለም አንድ ቀን እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ወጣችና “አባዬ፣ ይህን ሁሉ ወሬ ለምን አትጽፈውም? ወረቀት አይሰለችም” አለችኝ። ስድብ መሆኑ የገባኝ አንድ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ነው። ከጀመርኩት ወዲያ ማቆሙ ደግሞ ለእሷ ማሸነፍ ነውና ቀጠልኩ።

ሥራህ ምን ነበር ለሚለኝ፦ የወርቅ ቅብ ያለበትን ዕቃ ተቀብዬ ቅቡን እገፍፍ ነበር። ሌላው ሰው ነሐሱን ወርቅ ለማስመሰል ይደክማል፤ እኔ ደግሞ ነሐሱን መልሼ ነሐስ ለማድረግ ዕድሜዬን ፈጀሁ። የሰዓት ቀፎ፣ የመነጽር እጀታ፣ የአሮጌ ሬድዮና ኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ቅቡ የተላጠ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ከእያንዳንዱ የሚወጣው ወርቅ ለትንኝ ጥርስ ቢያሠሩለት ይበቃል እንጂ አይተርፍም። ግን ተጠራቅሞ ልጅ አሳደግሁበት።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። አባቴ ቅኔ እንድቆጥር ከአንድ መምህር ዘንድ አስገቡኝ። መምህሩ ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ ትዕግሥታቸውን ጨርሼ አሳየኋቸው። ኋላ አባቴን አስጠርተው “ልጅዎ ጆሮው ደኅና ነው፣ ዓይኑም ደኅና ነው፤ መሐል ላይ ነው ችግሩ። በእጁ ይብላ” ብለው መለሱኝ። አባቴም በዚያው መንገድ ወደ አያ ፈንቴ ወሰዱኝ።

አያ ፈንቴ የመኪና ባትሪ ይሞላሉ፣ በጓሮ በኩል ደግሞ ወርቅ ይሠራሉ። ሁለቱን ሥራ ያጋባቸው የራሳቸው ጭንቅላት ነው፤ አሲዱም የኤሌክትሪክ መሙያውም በቤቱ አለ፣ ሰው ደግሞ ያረጀ የወርቅ ቅብ ይዞ ይመጣል። ዘዴውን ሲነግሩት ቀላል ነው። ሰፋ ባለ ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ያልተበረዘ የሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል። በአንዱ ወገን ከእርሳስ ብረት የተሠራ ስስ ቅጠል ይንጠለጠልና ከኔጌቲቩ ጋር ይያያዛል። በሌላው ወገን ቅቡ የሚገፈፈው ዕቃ በመዳብ ወንፊት ተቋጥሮ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ወርቁ ዕቃውን ይለቅና ጥቁር ደለል ሆኖ ታች ይዘቅጣል። ጥቁር ነው የምላችሁ፣ እንደ ድስት ጥላሸት። ወርቅ በዚያ መልኩ ሲያዩት ማንም ሴት አንገቷ ላይ አታደርገውም።

ከባዱ ማቆሚያውን ማወቅ ነው። ወርቁ ሲያልቅ የአምፔሩ መርፌ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ዕቃውም ይጠቋቁራል። ያኔ ካላቆሙ መዳቡም መበላት ይጀምርና ደለሉ ይቆሽሻል። እኔ መርፌውን ትኩር ብዬ አያለሁ፤ አያ ፈንቴ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው “አሁን አጥፋው” ይሉኝ ነበር። እንዴት እንዳወቁት ብጠይቃቸው “አረፋው ድምፁን ይቀይራል” አሉኝ። እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። መምህሩ ጆሮህ ደኅና ነው ያሉኝ ለማጽናናት ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ቢቸናን ያስቆጣ። አሲድ በእጃቸው ከያዙ ሰላምታ አይመልሱም። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሰው ከደጅ ሆኖ “እንደምን አደራችሁ፣ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ” እያለ ሲደረድር እሳቸው እንደ ደንቆሮ ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም። ሲጨርሱ ማሰሮውን ያስቀምጣሉ፣ ጓንታቸውን ያወልቃሉ፣ እጃቸውን በብዙ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ወጥተው ያንን ሰው ካለበት ፈልገው፣ ጠላ ቤትም ቢሆን ገብተው፣ የተበደሩትን ሰላምታ እጥፍ አድርገው ይከፍላሉ። ከጀርባ “ኩሩው ፈንቴ” የሚላቸው ሰው ፊት ለፊት ሲያገኛቸው ግን ሰላምታቸው ስለማያልቅ ይሸሻቸዋል።

“ውኃ ወደ አሲድ አይሄድም፤ አሲድ ነው ወደ ውኃ የሚሄደው” ይሉኝ ነበር። “ትንሹ ወደ ትልቁ ቤት እንደሚሄድ ቁጠረው። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና። ውኃውን ከላይ ካፈሰስክበት ይቆጣና ይተፋብሃል።”

ትምህርቱ ሱሪዬን አስከፍሎኛል። አሲድ በጆግ እየቀዳሁ ሳለ የአባቴ ነፍስ አባት ሱቁ ውስጥ ገቡ። ያደግሁበት ሥርዓት ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይሆን ጉልበቴ ውስጥ ነበረና፣ ጆጉን እንደያዝኩ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አያ ፈንቴ “ተው!” ሲሉ እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር። አሲዱ ሱሪዬ ላይ ተንጠባጠበ። ወዲያው ውኃ ደፉብኝ፤ ቆዳዬ ተረፈ። ሱሪውም የተረፈ መሰለኝ፤ አጥቤ አሰጣሁት፣ ምንም አይታይበትም። እሑድ ያንኑ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስግደት ላይ ወገቤን ሳጥፍ ከኋላ “ጥርር” አለ። የጥጥ ጨርቅ አሲድ ከነካው በኋላ እንደ ራሰ ወረቀት እንደሚሆን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ምእመናኑም ከእኔ ጋር አብረው አወቁ። ከተጎነበስኩበት ቀና ለማለት የሰው መበተንን ጠበቅሁ። እናቴ ይህን አይታ “ልጄ እንዴት ያለ ጸሎተኛ ሆነ” ስትል ለጎረቤት አውርታለች።

ኋላ የሞጣ ሴት አግብቼ ወደ ሞጣ ተሻገርኩ። በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የባትሪ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙን አላነሣውም፣ እሱም እኔን አላነሣኝም። አለቃዬ አቶ ጥላዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ተስፋቸው ብቻ ትንሽ ሰፋ ይል ነበር። ከመጋዘን የተጣሉ የመገናኛ ሬድዮኖች ሰሌዳ ላይ የወርቅ ቅብ እንዳለ ስነግራቸው ኮታቸውን አስተካከሉ። ዕቃው በኮሚቴ ተቆጥሮ ተሰጠኝና ሠራሁት። ዱቄቱን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጌ ሳቀርብላቸው ጎንበስ ብለው አዩና “ሌላው የት አለ?” አሉኝ።

“ያለው ይኸው ነው ጌታዬ። እባክዎን አይተንፍሱበት፣ ይበናል።”

አቶ ጥላዬ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ከክፍሉ ወጡ። ደጅ ደርሰው ሲተነፍሱ እስከ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው “የመሥሪያ ቤታችን ወርቅ” ሲሉ ሰዎች በኪሎ የሚመዘን ይመስላቸው ነበር። ጋራዡ ሲዘጋ ከዚያ ይዤ የወጣሁት አንድ አሮጌ የባትሪ መሙያና የእሳቸውን ምርቃት ነው። በሁለቱ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

በሱቄ ዘመን ያጋጠመኝ ትልቁ ነገር፣ አሁንም በረንዳው ላይ ሆኜ ለመንገደኛ ሁሉ የማወራው፣ የቄሰ ገበዝ አስረስ ጉዳይ ነው።

ቄሰ ገበዝ አስረስ ከሞጣ ወደ ግንደወይን አቅጣጫ ገባ ብሎ ያለ የአንድ ገጠር ደብር የዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሽማግሌ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ከአንድ የሰበካው ሽማግሌ ጋር መጡ፤ ሽማግሌው አያ ደረሰ ይባላሉ። ጨርቁ ሲፈታ የተሰበረ የወርቅ ቅብ መስቀል፣ ለሁለት የተከፈለ ዘውድና የተጨማደደ የወንጌል ሽፋን ቆርቆሮ ወጣ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ወድቆባቸው ነው። ማኅበሩ መክሮ፣ ከበላይም አስፈቅዶ አዲስ የነሐስ መስቀል አሠርቷል። የሚፈልጉት ከስባሪዎቹ ላይ ወርቁ ተገፍፎ ያው ወርቅ አዲሱን መስቀል እንዲለብስ ነው። የአባቶች ወርቅ ከደብሩ እንዳይወጣ። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ንግሡ ቀርቧል።

“ይህን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው” አሉ አያ ደረሰ፣ ቄሰ ገበዙን በከዘራቸው እያመለከቱ። “እኔ በጉባኤ ተቃውሜያለሁ። ቅዱስ ነገር ሱቅ አይወጣም ብያለሁ። አልሰማ አለ። እኔም በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ፦ አዲሱ መስቀል ሙሉ ለሙሉ ካልለበሰ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ነሐስ ከታየች፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ትመልሳለህ።”

“እመልሳለሁ” አሉ ቄሰ ገበዙ።

“ሰምተሃል?” አሉኝ እኔን።

“ሰምቻለሁ አያ” አልኩ። ቁልፉን አየሁት፤ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ታስሯል። ከአባታቸው የወረሱት ኃላፊነት ነው። ቄሰ ገበዝነት ለእሳቸው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው ነው።

አያ ደረሰ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ቄሰ ገበዙ ግን ሞጣ ዘመድ ቤት አርፈው በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ሱቄ እየመጡ ከብርጭቆው ፊት ይቀመጡ ነበር፤ ከወርቁ አልለይም ብለዋል። ጓንትና መነጽር አልብሼ በሩቁ አስቀመጥኳቸው። ዳዊታቸውን በዚያ ትልቅ የመከላከያ መነጽር ሲደግሙ ለማየት የጎረቤት ሰው ይመጣ ነበር።

“ወርቁ የታለ?” ይሉኛል።

“ያ ጥቁሩ ነው አባ።”

“ይህ?” ጎንበስ ብለው ያዩና “እንግዲህ ለሱም ጾም ገብቶለታል ማለት ነው” ይላሉ።

ሥራው ያማረ ነበር። የዱሮ ሰው የቀባው ቅብ ወፍራም ነው፤ እንደ ዛሬው አይሳሳም። ደለሉ ብርጭቆው ሥር ሲጠራቀም እኔ ከደስታዬ ብዛት ማፏጨት ጀመርኩ፤ በጾም አይፏጭም ተብዬ ተገሠጽኩ። ከብርጭቆው ሥር እንደ አያ ፈንቴ ሥርዓት ሰፊ ዝርግ ገንዳ አስቀምጫለሁ፤ ብርጭቆው ቢሰበር የሚፈስሰውን እንዲይዝ። በጆንያ አመድ ከጎን አለ፣ ውኃም በበርሜል አለ። ሁሉን አስቤአለሁ ብዬ ነበር። ጠበልን አላሰብኩም።

የመጨረሻው ስባሪ አሲድ ውስጥ እያለ አያ ደረሰ ሊያጣሩ መጡ። ደጅ ሆነው ሰላምታ ጀመሩ። እኔም እንደተማርኩት ጓንቴን አወለቅሁ፣ ታጠብኩ፣ ወጥቼ ሰላምታውን ተቀበልኩ። ከዝናቡ ጀምረን ወደ ከብቱ አልፈን፣ ገና ወደ ልጆቹ ስንደርስ ከውስጥ “ጭስስ!” ከዚያ “ጧ!” የሚል ድምፅ መጣ። ተከትሎ “በስመ አብ!”

ለካ ቄሰ ገበዙ የመጨረሻው ስባሪ ነው ስላልኳቸው ሥራው በበረከት ይፈጸም ብለው ከደብራቸው ያመጡትን ጠበል ከጠርሙስ ቀድተው ቤቱን በአራት ማዕዘን ረጭተዋል። አሲዱንም አልዘነጉትም። ጠበሉ የጋለው አሲድ ላይ ሲያርፍ አሲዱ ተቆጥቶ ተፋ፣ ብርጭቆው ተሰነጠቀ። እስከዚህ ገንዳው ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ሁሉን ያዘ። ቄሰ ገበዙ ደንግጠው ወደ ኋላ ሲዘሉ ግን የመቋሚያቸው ራስ ገንዳውን ጠርዙ ላይ ያዘና ይዞት ወረደ። አሲዱም ደለሉም የአፈር ወለሉ ላይ ተደፋ።

ዘልዬ ገብቼ ኤሌክትሪኩን ነቀልኩ። ቄሰ ገበዙን ወደ በርሜሉ አዞርኳቸውና በጣሳ በጣሳ ውኃ አለበስኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መነጽሩ ዓይናቸውን አትርፏል፤ የጎዳው የጋቢያቸውን ጠርዝ ብቻ ነው። ጆንያውን ዘረገፍኩት፣ አመዱና አሲዱ ተገናኝተው አረፋ እየደፈቁ እስኪጨርሱ ቆመን አየን። 

አያ ደረሰ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ “ወርቁስ?” አሉ።

ወለሉን በጣቴ አሳየሁ።

“ይህ ጭቃ ነው።”

“አዎ አያ። ጭቃም ነው።”

ስልኬን አውጥቼ ቢቸና ደወልኩ። አያ ፈንቴ ያኔ አርጅተው ከቤት አይወጡም፤ ድምፃቸው ግን እንደ ጥንቱ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። የሞቱብኝ መስሎኝ “አያ?” ብል ለካ ሳቅ አፍኗቸው ነው።

“ጠበል ነው ያልከኝ? ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል፣ አሲዱ ላይ የነበረው ሰይጣን ነው ጮኾ የወጣ!” ሳሉ፣ ደግመው ሳቁ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። “ስማኝ። ከዚያ ክፍል ማንም እንዳይወጣ። ወርቁ አሁን ከጫማችሁ ሥር ነው። አንድ ሰው ከወጣ ገበያ ይዞት ይወርዳል።”

ስለዚህ ቄሰ ገበዙን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የላስቲክ ጫማቸውን አውልቄ፣ ከሥራቸው ሳፋ አድርጌ ጫማቸውን፣ ለጥንቃቄም እግራቸውን ማጠብ ጀመርኩ። ጣት በጣት። እሳቸው ቁልቁል አዩኝና፣ በዚያ ጭንቀታቸው ውስጥ፣ “ስሜነህ፣ ጸሎተ ሐሙስ አልደረሰም እኮ። ሲደርስም አጣቢው እኔ ነኝ፣ ታጣቢው አንተ” አሉኝ።

“ዘንድሮ ተቀያይረናል አባ። ውኃውን ግን እንዳይደፉት።”

አያ ደረሰ ከደጅ ሆነው ይህን ሁሉ አዩ። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ጫማቸውን ደጅ ትተው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። “መቆፈሪያ አለህ?” አሉኝ። ወለሉን ከፋፍዬ ቆፈርኩ፤ እሳቸው አፈሩን በገበቴ ውኃ እየለወሱ ያንገዋልላሉ። የገበሬ እጅ ነው፤ እህል ሲያጥብ እንደኖረ እያወዛወዘ ቀላሉን አፈር ከላይ ይደፋል፣ ከባዱን ከሥር ያስቀራል። እኔ ሦስት ጊዜ ሳናውጥ እሳቸው አንድ ጊዜ አያናውጡም። ይህንንም አልደበቁኝም፤ “አንተ እጅህ ጉንዳን ወሮታል?” አሉኝ።

የተገኘውን ሰብስቤ ደጅ ነፋስ በሚነፍስበት በናይትሪክ አሲድ አጠብኩት፤ መዳብና እርሳሱ ይሟሟል፣ ወርቁ ይቀራል። ጥቁሩ ደለል ተለውጦ እንደ ተቆላ ገብስ ዱቄት ቡናማ ሆነ። አጣርቼ አደረቅሁት። ሚዛን አላስፈለገኝም። ስባሪዎቹን ሲገፈፉ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ግማሹም አይሆን።

ዱቄቱን በወረቀቱ ሸፈን አደረግሁት። ቄሰ ገበዙ ግን ፊቴን እያዩ ነበር። ተነሥተው ከአንገታቸው ጥቁሩን ክር አወለቁና ቁልፉን ከአያ ደረሰ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። “ያፈሰስኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ልጁን ምንም አትበለው።” ልጁ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ፀጉሬ ሸብቷል።

አያ ደረሰ ቁልፉን አላነሡትም። ገበቴውን እያዩ ቆሙ። “እኔ ቆጥሬ ነው ያንገዋለልኩት” አሉ ቀስ ብለው። “አፈሩ ላይ የቀረ የለም። እኔ ያጠብኩት ጤፍ አሸዋ ኖሮት አያውቅም።”

እንደገና ቢቸና ደወልኩ። አያ ፈንቴ አሁን አልሳቁም። ምን ቆፈርክ፣ ምን አጠብክ፣ ጫማውን፣ ገንዳውን፣ የብርጭቆውን ስባሪ፣ መቋሚያውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሁሉንም አጥቤአለሁ አልኳቸው።

“አመዱስ?”

“የቱ አመድ?”

“አረፋ የደፈቀው። አረፋ ሲነሣ ደቃቁን ዱቄት ተሸክሞ ነው የሚነሣ። አመዱን ምን አደረግኸው?”

“ከላይ ዛቅ አድርጌ አጥሩ ሥር…” አልኩ።

“አጥሩ ሥር ዶሮ አለ?”

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የጎረቤቴ የእትዬ አንጓች ቀይ ዶሮ፣ አመዱ ክምር መሐል ጉድጓድ ቆፍራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ክንፏን ዘርግታ ትታጠባለች። ዶሮ አመድ ሲያገኝ እንዴት እንደሚደሰት ታውቃላችሁ። እንደዚህች የተደሰተች ግን አላየሁም።

“እንዳትበር!” ብለው አያ ደረሰ ከኋላዬ ጮኹ። “ካራገፈች በነፋስ ሄደ!”

ሽማግሌው በሆዳቸው ወድቀው በነጠላ ያዟት። ሦስት ትላልቅ ሰዎች፣ አንደኛው ቄስ፣ አንዲት ዶሮ ሳፋ ውስጥ ነክረን ላባ በላባ ስናጥብ እትዬ አንጓች በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

“ምን እያደረጋችሁ ነው በዶሮዬ?”

“እያጠብናት ነው” አልኩ።

“በምን ምክንያት?”

“ወርቅ ናት።”

“እሱንማ አውቃለሁ” አሉ እትዬ አንጓች።

አያ ደረሰ የዶሮዋን ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረጉና “ጠጠር ትለቅማለች እኮ እሷ። ምናልባት ጨጓራዋ ውስጥ…” ብለው ወደ ቢላዋው ሲያዩ፣ ቄሰ ገበዙ ዶሮዋን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጓት። “ደረሰ! ጾም ነው።”

ክምሩን አመድ እስከ መጨረሻዋ ጭብጥ አጠብነው። ቢቸና ያሉት ሰው ልክ ነበሩ፤ አመዱ ከወለሉ የበለጠ ወርቅ ይዟል። ዱቄቱን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ቆሻሻውን ከሚለይ ቦራክስ ከሚባል ዱቄት ጋር በሸክላ ማቅለጫ አስገብቼ እሳቱን ለቀቅሁበት። መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከዚያ ነጠብጣቦቹ ተፈላልገው ይሰበሰባሉ። ድንገት መሐሉ ላይ ዓይን የምታህል ነገር ክብ ሆና ትበራለች። ያችን ስትበራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ባየኋት ቁጥር ልቤ እንደ ጥጃ ይዘላል። ቄሰ ገበዙ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩና ያ ድምፅ የሌለው ሳቃቸው መጣ። ትከሻቸው ብቻ ተነቃነቀ። ዓይናቸውን ለማበስ ግን መነጽሩን ማውለቅ ነበረባቸው።

መስቀሉ ለበሰ። ከቀባሁ በኋላ አያ ደረሰ ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ክንፉን፣ ቀዳዳውን፣ እጀታው ሥር ድረስ እያገላበጡ መረመሩት። የጣት ጫፍ የሚያህል ነሐስ ፈለጉ፤ አጡ። ወደ ውስጥ ገብተው፣ እስካሁን ማንም ያልነካውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ራሳቸው በቄሰ ገበዙ አንገት ላይ አጠለቁት። “ክሩ ቆሽሿል፤ ቀይረው” አሉ። ከዚያ ይልቅ ለስለስ ያለ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም።

እኔን ግን አልለቀቁኝም። ታጥቦ የተረፈውን የወለሌን አፈር እያዩ “በዚህ ውስጥ ትንሽም ቢሆን የቀረ አይኖርም?” አሉኝ። ዓይን የማያየው ይኖር ይሆናል አልኳቸው። ዝም ማለት ነበረብኝ። በማግሥቱ አህዮች ነድተው መጡና አፈሩን ጠቅላላ ጭነው ወሰዱት፤ አዲሱ ዕቃ ቤት ሲመረግ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ግድግዳ ሆኗል። ሱቄ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ሆና ቀረች። ደንበኛ ሲመጣ “እየወረዳችሁ ግቡ” እላለሁ። ስሜነህ ከወለሉ ሥር ወርቅ ቆፍሮ አወጣ የሚል ወሬ ሞጣን ስላዳረሰ፣ ከጎን ያለው ልብስ ሰፊም አንድ ጠዋት የስፌት መኪናውን ደጅ አውጥቶ የራሱን ወለል ሲቆፍር አገኘሁት። ልነግረው ፈለግሁ፤ ከዚያ ደግሞ ደስታውን ለምን አበላሻለሁ ብዬ ተውኩት።

በንግሡ ቀን ሄድኩ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል። አዲሱ መስቀል በጥላው ሥር ሲወጣ ፀሐይ አረፈበትና እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔ ሞኙ ዓይኔ የሄደው ወደ መጋጠሚያው ነበር፤ ቅቡ እኩል ተኝቶ እንደሆነ። ኋላ ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ይዘው ቆሙ፤ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ይሳለማል። በግንባሩ፣ ከዚያ በከንፈሩ። ሕፃኑ፣ አሮጊቱ፣ ሁሉም። አያ ደረሰም ከእኔ ፊት ሆነው ከንፈራቸውን ለረጅም ጊዜ አሳርፈው ተሳለሙ።

ተራዬ ደረሰ። ቄሰ ገበዙ መስቀሉን በግንባሬ አሳረፉት። ከንፈሬን ሳቀርብ ወደ ላይ ሳብ አደረጉት።

“አንተ በግንባርህ ይበቃሃል” አሉኝ፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ። “መግፈፍ ልማድህ ነው።”